እሳቱ ስንት ዓመቱ ነው?

እሳቱ የጠፋው ማክሰኞ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ያወቁት ደግሞ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ሰባት ዓመት የሆናቸው አባቴ ናቸው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ጎብኚዎች የበተኑትን የኦቾሎኒ ልጣጭ እጠርጋለሁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው የቀርከሃ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ድንጋዮቹ ዘርግተዋል።

«ሩስሚኒ፣ እግሬን በረደኝ» አሉኝ።

ዞር አልኩ። ድንጋዮቹ አሉ፤ እሳቱ የለም። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አምሳ ሁለት ዓመት ስኖር እነዚያን ድንጋዮች ያለ እሳት አይቻቸው አላውቅም። ጥቁርና ትንንሽ ናቸው፤ ሰው ጥሎት የሄደ ምድጃ ነው የሚመስሉት።

በኬዱንግገኒ መንደር እሳቱን የሚጠብቀው የእኛ ቤተሰብ ነው። ጥበቃ ስል እንጨት መጨመር እንዳይመስላችሁ፤ የእኛ እሳት እንጨት አይበላም። ከመሬት ውስጥ በራሱ ይወጣል፣ እስከ ጉልበት ከፍ ብሎ ይነድዳል፣ ዝናብም አይበግረውም። የእኛ ሥራ ዙሪያውን መጥረግ፣ ፎቶ ለመነሳት የሚያጎነብሰውን ሰው «ፀጉርህን!» ብሎ መጮህ፣ ለጠየቀም ሁሉ ታሪኩን መንገር ነው። «እሳቱ ስንት ዓመቱ ነው?» ይላል እንግዳው። «ስድስት መቶ ዓመት» እንላለን። «ማን ለኮሰው?» «ማንም። አንድ ደግ ሰው በትራቸውን መሬት ላይ ቢተክሉ ወጣ። የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም።» አያቴ እንዲህ ይሉ ነበር፣ አባቴም ይሉ ነበር፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። እኛ መስጊድ የምንሰግድ ሰዎች ነን። ሆኖም በየዓመቱ የቡድሃ ልደት ሲደርስ መነኮሳቱ ይመጡና ችቧቸውን ከእኛ እሳት ለኩሰው ወደ ትልቁ ቤተ መቅደሳቸው ይወስዱታል። ይህንን የሚያደርጉት አባቴ ልጅ ከነበሩበት ዘመን ጀምሮ ነው። እሳቱ ሲጠፋ እነሱ ሊመጡ የቀራቸው ዘጠኝ ቀን ነበር።

እኛ አገር አንድ ነገር ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚፈትሸው ራሱን ነው። ደግ ልማድ ነው፤ ችግሩ ከሁለት ቀን በላይ አለመቆየቱ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ አሥራ ሦስት ሰው በራችን ላይ መጣ። ሁሉም በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ቢጫ ሩዝ ይዟል፤ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

ጡረተኛው አስተማሪ ፓክ ሱሮሶ (እኛ አገር ወንዱን በአክብሮት ፓክ፣ ሴቷን ቡ እንላለን)፣ «እሳቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቡ ሩስሚኒ። የቅርንፉድ ሲጋራዬን ለኩሼበታለሁ» አሉኝ።

«መቼ?»

«በየቀኑ።»

ሥጋ ሻጩ የፍየል ጭንቅላት ለብልቦበታል። የመስጊዱ አዛን ጠሪ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁን ሊያሞቅ ቆሞ ሳለ ስለ ጎረቤቱ ሚስት አስቧል።

«ስለየትኛዋ?» አልኩት።

«ቡ ሩስሚኒ! ሰው እኮ ጥፋቱን እየተናገረ ነው!»

ሩዙን ተቀበልኩ፣ ሁሉንም አጽናንቼ ሸኘሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱን ቀን ምሳና እራት አላበሰልኩም።

ሐሙስ ግን ራስን መፈተሹ አበቃና ጎረቤትን መፈተሽ ተጀመረ። ዕጣው የደረሰው ለዳርሚ ነው። ዳርሚ ባሏ ሲሞት ከሌላ መንደር የመጣች፣ ከእሳቱ ፊት ለፊት በጋሪ ሻይና የተቀቀለ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ወጣት ናት። ስምንት ወር የሆነው ልጅ በጀርባዋ ታዝላለች። በዝናቡ ወራት የልጁን የሽንት ጨርቅ የሚያደርቅላት ፀሐይ ስታጣ እሳቱ አጠገብ ገመድ ወጥራ ታሰጣ ነበር። ገመዱን ያሰርኩላት እኔው ነኝ። እሷ አሥራ አራተኛዋ ናት። የእሷ ስህተት ግን በሹክሹክታ ለእኔ በመንገር ፈንታ ውሃ ለመቅዳት ሴቱ ሁሉ በተሰለፈበት ጮክ ብላ መናገሯ ነው። ቀትር ሳይደርስ አሥራ ሦስቱ የየራሳቸውን ረስተው የሽንት ጨርቁን ብቻ አስታወሱ።

ሰልፉ የነበረው የት መሰላችሁ? በእኔ ጓሮ፣ በእኔ ጉድጓድ ላይ።

ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እሳቱ ከመጥፋቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ለእንግዶች መታጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ሃያ ሁለት ዓመት በትከሻዬ ከወንዝ አመላልሻለሁ። በበጋ ወንዙ ይርቃል፣ መንገዱ ዳገት ነው፣ ትከሻዬም ከአምሳ ዓመት በኋላ እምቢ አለኝ። አንድ ቆፋሪ ማሽኑን አምጥቶ ሠላሳ ስምንት ሜትር ወረደና ጣፋጭ ውሃ አወጣልኝ። ቱቦውን እስከ አጥሩ ወስጄ ጎረቤት ሁሉ እንዲቀዳ አደረግኩ፤ አርባ ቤት መረቀኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ውሃው ሲወጣ ትንሽ ይንፈቀፈቅ ነበር፣ እኔም ጉልበት ያለው ውሃ ነው እል ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሴቶቹ የዳርሚን ስም እያነሱ እየጣሉ ሲሄዱ የውሃ መሳቢያውን ሞተር አጠፋሁት። ያኔ ከጉድጓዱ አፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ነው፣ አያቋርጥም፤ ሽ… ይላል። ይህን ድምፅ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ድንጋዮቹ መሃል ያጣሁት እሱን ነው።

ብልህ ሰው ቢሆን ቆፋሪውን ይጠራ ነበር። እኔ ግን የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ለኩሼ በጉድጓዱ አፍ ላይ አጎነበስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት «ፀጉርህን!» እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ ማለት ነው። ቡፍ አለ። እርጥብ ጆንያ ጣልኩበትና ጠፋ፤ የቀኝ ቅንድቤም አብሮ ጠፋ።

መስተዋት ፊት ቆሜ በከሰል ቅንድብ ሳልኩ። እሳቱን ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አላረከሰውም። እስትንፋሱ የሆነውን የመሬት ውስጥ ጋዝ ሌላ ቦታ ቀዳዳ ከፍቼ የወሰድኩበት እኔ፣ ጠባቂዋ ነኝ። ይህን እያወቅኩ ዝም ልል ወሰንኩ። አፍሬ ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከሰዓት በኋላ የመንደራችን ሹም ፓክ ሱጊያርቶ በሞተር ብስክሌት መጡ። የሩዝ ጆንያ ከኋላ ጭነዋል። ጆንያውን ሲፈቱት ውስጡ ያለው ሐብሐብ የምንለው ነው፤ ትንሹ፣ አረንጓዴው የማብሰያ ጋዝ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩ።

«መፍትሔ ነው። ቱቦውን በድንጋይ ንጣፉ ሥር እንወስደዋለን፣ ሐብሐቡ እሳቱ አጠገብ ካለው ግንብ ጀርባ ይቀመጣል። መነኮሳቱ ችቦ ሊለኩሱ እንጂ መሬት ሊቆፍሩ አይመጡም።»

«በኩሽና ጋዝ ስድስት መቶ ዓመት ልበላቸው?»

«እርስዎ ምንም አይበሉ። ዝም ማለት ብቻ ነው የእርስዎ ድርሻ።»

«ዳርሚስ?»

«ነገ ከሰላት በኋላ ስብሰባ አለ፣ ጋሪዋን ይዛ ወደ አገሯ ትሄዳለች። ሰዉ ምክንያት ይፈልጋል፣ ቡ ሩስሚኒ። ከከለከሉት ዞሮ እኔንና እርስዎን ነው የሚያየው።» ጆንያውን መልሰው ሲያስሩ ፊቴን አተኩረው አዩኝ። «ቅንድብዎን ምን ሆኑ?»

«ኩል ነው።»

«አንዱን ብቻ?»

እሳቸው ሲሄዱ አባቴ ከወንበራቸው ጠሩኝ። «ሐብሐቡ ሄደ?»

«ሄደ፣ አባቴ።»

«ከጠዋት ጀምሮ የተቃጠለ ፀጉር ይሸተኛል። የፍየል ነው እንዳትይኝ፣ የፍየል አውቃለሁ።»

ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስድብ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን እግራቸውን ወደ ቀዝቃዛዎቹ ድንጋዮች ይበልጥ ዘረጉ።

«ውሃው ጣፋጭ ነው» አሉ። «እኔም ጠጥቼ መርቄሻለሁ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ጠባቂዋ አንቺ ነሽ።» ቀጥለውም፣ «ያቺ ልጅ ዛሬ ሻይ አላመጣችልኝም። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም ነበር» አሉ።

አርብ ከሰላት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ዳርሚ ልጇን አዝላ ጥጉ ላይ ቆማለች፤ አጠገቧ ማንም የለም። ፓክ ሱጊያርቶ ስለ መንደሩ ክብር ተናግረው፣ ስለ ሽንት ጨርቁም ተናግረው «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲሉ ተነሳሁ። የሻሼን ጫፍ በምራቄ አርሼ የሳልኩትን ቅንድብ በሰው ሁሉ ፊት ጠረግኩት።

«ይህን የበላው የእኔ ጉድጓድ ነው» አልኩ። «እሳቱ አልሞተም። ከድንጋዮቹ ሥር ወደ እኔ ጓሮ ነው የዞረው። ያዞርኩት እኔ ነኝ። ዳርሚ ያደረቀችው ጨርቅ ነው፣ እኔ ያደረቅኩት ግን እሳቱን ነው። የሚባረር ካለ እዚህ ቆሜአለሁ።»

ከዚያ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ አወራ። አዛን ጠሪው «ታዲያ የእኔ ነገር አይደለማ!» ብሎ በደስታ ጮኸና ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ፓክ ሱሮሶ «ልጅቷን ይቅርታ እንጠይቃት» አሉ፤ አንዳንዱም ጠየቃት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

«ጉድጓዱን ነገ እደፍነዋለሁ» ስል ግን አዳራሹ ተለወጠ።

«ምን?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ውሃችንን?»

«በጋው እየመጣ ነው እኮ!»

«ልጆቼን በምን አጥባለሁ?»

ፓክ ሱጊያርቶ እጃቸውን አነሱ። ፊታቸው በርቷል። «ታዲያ ምን ያጣላናል? ውሃው ለእኛ ይሁን፣ ለእሳቱ ሐብሐቡ አለለት። መነኮሳቱ ደስ ይላቸዋል፣ እኛም እንጠጣለን። ማን ይጎዳል?» ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው።

ዳርሚ ነፃ ወጥታለች፣ ያባረረኝም የለም፣ ውሃውም ጣፋጭ ነው። ቁጭ ብል ያን ቀን ሁሉም ይታረቀኝ ነበር። እኔ ግን የአባቴን እግር አሰብኩ። ዓይን ለሌላቸው ሰው እሳቱ ያ ብቻ ነው፣ እግራቸው ላይ የሚያርፈው ሙቀት። በኩሽና ጋዝ ላሞቃቸውና «ተመለሰ፣ አባቴ» ልላቸው ነው? እላለሁ ብዬ ሞከርኩ፣ በልቤ እንኳ አልወጣልኝም።

«ጉድጓዱ በእኔ ጓሮ ነው» አልኩ። «የወሰድኩትን እመልሳለሁ። ውሃ የጎደለው ቤት ይጥራኝ፣ ከወንዝ አመጣለሁ።»

«ለአርባ ቤት?» ብሎ አንዱ ሳቀ።

«ትከሻ አለኝ» ብዬ ወጣሁ።

ለቆፋሪው ስደውልለት መጀመሪያ የተቀየምኩት መስሎት ተከራከረኝ። በኋላ ግን ከሥር ጠጠር፣ መሃሉን ሸክላ አፈር፣ ከላይ ሲሚንቶ አድርጊ፣ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈጃል አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አውጥቼ ብቻዬን ጀመርኩ። ሴቶቹ ባዶ ባልዲያቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። እንደ ቀብር ያዩኛል። አሥረኛውን ቅርጫት ጠጠር ሳፈስ ከጎኔ ሌላ ቅርጫት መጣ። ዳርሚ ናት፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

«አንቺን ማን ጠራሽ?»

«ማንም» አለችኝ። «የሚያቀብልዎት ግን የለም።»

ቀጥሎ ፓክ ሱሮሶ አካፋ ይዘው ገቡ። ከንፈራቸው ላይ ሲጋራ ሲጤስ ያየነው ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ነው።

«ሲጋራውን!» ብለን ጮህን፤ አጥሩ ላይ ያሉት ሴቶችም አብረው ጮሁ። አስተማሪው ሲጋራውን ረግጠው ሮጡ። ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ሸክላ ሊያቦኩ መጡ። የቀሩት ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ሰላም የማይሉኝ አሉ።

እሑድ የውሃ መሸከሚያ እንጨቴን ከጣሪያው ሥር አውርጄ ወንዝ ወረድኩ። ሰኞ ድንጋዮቹ ዝም ብለዋል፤ ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ፓክ ሱጊያርቶ ምንም ሳይሉ ጆንያቸውን ከግንቡ ጀርባ አስቀምጠው ሄዱ። ያን ቀን ፈራሁ። አንዱን ቀዳዳ ደፍኜ ሌላው ባይከፈትስ? ውሃውንም እሳቱንም አጥቼ፣ መንደሩን ሁሉ አስቀይሜ ብቀርስ? ይህን እያሰብኩ ስድስት ጊዜ ወንዝ ተመላለስኩ።

ሐሙስ ማለዳ አባቴ ከወንበራቸው ወርደው ድንጋዮቹ መሃል ጆሯቸውን ለጥፈው አገኘኋቸው።

«ምን ሆኑ አባቴ?»

«ዝም በይ።» እጃቸውን ዘርግተው አንገቴን ጎተቱኝ። ጆሮዬን ከጆሯቸው አጠገብ አደረግኩ። ሽ… ይላል። ደካማ ነው፤ ግን አያቋርጥም። እዚያው መሬት ላይ እንደተጋደምን አለቀስን፣ ሁለታችንም።

መነኮሳቱ ረፋድ ላይ ደረሱ፤ አርባ ይሆናሉ፣ ብርቱካንማ ልብሳቸውን ለብሰው። መሪያቸውን ባንቴ ጉናሲሎን አሥራ አንድ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ባንቴ መነኩሴ የሚጠራበት የክብር ስም ነው። መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። ፓክ ሱጊያርቶ ወደ ግንቡ ጀርባ እያመለከቱ ጠቀሱኝ። እኔ ግን ባንቴ ፊት ቆሜ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ቅንድቤ፣ ስለ ሲሚንቶው ሁሉ ነገርኳቸው። «አሁን እስትንፋሱ ተመልሷል፤ የሚለኩሰው ግን የሰው እጅ ነው። ስድስት መቶ ዓመት ያልኩዎት ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። ካልፈለጉት ሌላ ቦታ ይሂዱ፣ አልቀየምም» አልኩ።

ሽማግሌው መነኩሴ ድንጋዮቹን አዩ፣ የቅንድቤን ቦታ አዩ። «ከሌሊት ጀምሮ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ሌላ ቦታማ አልሄድም» አሉ። «ላይተር ያለው ማነው?»

ማንም አልተነቃነቀም። የሰው እጅ ያልነካውን እሳት በእጁ የሚነካ ጠፋ። ፓክ ሱሮሶ ኪሳቸውን ደብድበው «ሲጋራ ትቻለሁ» አሉ። ትተው አልነበረም።

ወደ ዳርሚ ጋሪ ሄድኩ። «ላይተርሽን ይዘሽ ነይ። አንቺ ነሽ የምትለኩሺው።»

«እኔ?» ድምፅዋ ጠነከረ። «ሲጠፋ እኔ ነበርኩ። ባይበራ ደግሞ መልሶ እኔ ልሆን ነው?»

«ባይበራ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ይስማኝ፣ እኔ ነኝ!»

ልጁን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «ገመዱስ?»

«የምን ገመድ?»

«የጨርቁ።»

መንደሩ በሙሉ ጆሮውን አቁሟል። «እኔው አስረዋለሁ፣ በፊት በነበረበት» አልኩ።

ልጇን አቀበለችኝ። በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ የበቆሎ ቅጠል አሰረች፣ ለኮሰች፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘረጋች። «ቅንድብሽን!» አልኳት። ቡፍ አለ። እሳቱ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆኖ እስከ ጉልበት ወጣ። ማንም ከመጮሁ በፊት የቀርከሃ ወንበር ሲጥ ሲል ሰማሁ። አባቴ እግራቸውን ዘርግተው ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ወንዝ እወርዳለሁ። ቅንድቤ በቅሏል፣ ትከሻዬ ያመኛል፤ ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ላይ ሳልፍ አንዳንዴ እረግመዋለሁ። ፓክ ሱጊያርቶ በመግቢያው ላይ «ስድስት መቶ ዓመት የነደደ» የሚል አዲስ ሰሌዳ አስተክለዋል። እኔን ግን ማስተካከል አልቻሉም።

ትናንት ከከተማ የመጡ ባልና ሚስት ሰሌዳውን አንብበው ወደ እኔ መጡ። ሚስትየዋ የተሰጣውን የልጅ ልብስ በመገረም እያየች «እማማ፣ እሳቱ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

«ሁለት ዓመት ከአምስት ወር።»

«ስድስት መቶ ይላል እኮ!»

«ሰሌዳው ነው የሚለው።»

«ማን ለኮሰው ታዲያ?»

ወደ ጋሪው በመጥረጊያዬ አመለከትኩ። ዳርሚ ኦቾሎኒ እየሰፈረች ቀና ብላ እጇን አነሳችላቸው።